የጳጳሱ ድንጋይና የሄልዱር ሳውና

የከተማችንን የጳጳሳት ግንብ ያፈረሱት ስዊድኖች ናቸው። ለሠላሳ ዓመት ለጎብኚ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ስዊድኖቹ የጣሉት አንድ ግድግዳ ነው፤ የቀረውን የጨረስነው እኛው ነን፣ ቀስ እያልን፣ ለአሳማ ጋጣና ለምድጃ። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይኖራል።

የኛ ድርሻ የመጣው በባሌ በሄልዱር አያት በኩል ነው። ጳጳሱ በትራቸውን ይዘው የተቀረጹበት ትልቅ ድንጋይ ከግንቡ ጸሎት ቤት ተነቅሎ በእንፋሎት የምንታጠብበት ሳውናችን ውስጥ መቀመጫ ሆኗል። ሄልዱር ቅዳሜ ቅዳሜ ራቁቱን እዚያ ላይ ካልተቀመጠ ሳምንቱ አያልቅለትም። ከሚስትህና ከሳውናህ ምረጥ ቢባል ጊዜ ስጡኝ ማለቱ አይቀርም።

ባለፈው ሰኔ ታኔል የሚባል ወጣት የቅርስ ተቆጣጣሪ ከዋና ከተማችን ከታሊን መጣ። ግንቡን ለክቶ ሲጨርስ፣

«እትዬ ኡርቬ፣ አይቀየሙኝና የናንተ ጳጳሳት ድሆች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ የረባ ቅርጽ እንኳ የለም» አለኝ።

አጠገቤ የቆመው ሄልዱር እግሬን ረገጠኝ። እኔ ግን ግንቤ ሲናቅ ደሜ ይፈላል።

«ድሆች? ቅዳሜ ሳውና ና፤ ድሃውን አሳይሃለሁ» አልኩት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሄልዱር ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጭ ሰነበተ።

«ድንጋዩን ነቅለው ይወስዱታል፣ ሳውናው ይፈርሳል። አያቴ የሠራው እኮ ነው! አንቺ ምላስሽን መያዝ አቅቶሽ!»

አዘንኩለት። ቀጠሮውን ግን አልሰረዝኩም።

ቅዳሜ ታኔል ፎጣ አገልድሞ ገባ፣ ድንጋዩን አየና ተንበረከከ። በላብ ይሁን በእንባ ፊቱ ራሰ።

«ይሄማ አይነካም። አንድም ድንጋይ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ሳውናው እንዳለ ቅርስ ነው» አለ።

ሄልዱር ደስ ብሎት ቢራ ሊያመጣ ሮጠ። ጠርሙሶቹን አቅፎ ሲመለስ ታኔል እየጻፈ ነበር።

«እሳትና ውሃ ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። ድንጋዩን ይጎዱታል» አለው።

«ያለ እሳትና ያለ ውሃ ምኑን ሳውና ሆነ?»

«ቅርስ ነዋ፣ አባባ።»

አሁን ሳውናችንን ለጎብኚ የማሳየው እኔ ነኝ። ሄልዱር ካነጋገረኝ ሦስት ወር አለፈው። ቅዳሜ ሲደርስ ፎጣውን አንጠልጥሎ ባሏ የሞተባት ሌይዳ ዘንድ ሄዶ ይታጠባል። ቅናት እንዳይመስላችሁ እንዳልል፣ ቅናት ነው። የሌይዳ ሳውና ደግሞ ከመሠረቱ እስከ ጭስ ማውጫው የተሠራው በጳጳሱ ወጥ ቤት ድንጋይ ነው።

ትናንት ለታኔል ደወልኩለት።