ፀሐይ ጠባቂው

ናኢማ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ሮመዳን ቀሎላታል። መስጊዱ ቅርብ ነው፤ አዛኑ ክፍሏ ድረስ ይሰማል። ሆኖም ማፍጠሪያ ሲቃረብ ልቧ ሽው ብሎ ጓሳ ተራራ ይወጣል። ያ አስቸጋሪ ቴዎፍሎስ ትዝ ይላትና ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

አስቸጋሪ ስንል ደግሞ ለወግ ያህል አይደለም። መሐል ሜዳ ከተማ አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ ቲቸር ተገኘ ስለ ጓሳ ሣር አጠባበቅ አጥንተው ለክፍሉ እንዲያቀርቡ ናኢማን፣ ገሊላንና ቴዎፍሎስን አንድ ቡድን አደረጓቸው። ቴዎፍሎስ የቄስ ገብረ አማኑኤል ልጅ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቹም ጓሳን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። የናኢማ አባት ባድሩ ግን ከቆላ መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው።

«ጓሳ የአባቶቻችን ነው። የነጋዴ ልጅ፣ ያውም እስላም፣ ስለ ጓሳ ምን ልታወራ ነው?» አለ ቴዎፍሎስ፣ እሷው ፊት።

ናኢማ ደብተሯን ገልጣ ስሟን ከቡድኑ ዝርዝር ላይ ጻፈች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ መሐል ሜዳ ኖራ፣ ዛሬም «ከየት ነሽ?» መባሉ ታክቷታል። ክፍሉ ፊት ቆማ አንዴ «አገራችን» ብላ መናገር ትፈልጋለች። ከቡድኑ ከወጣች ያ ቀረ ማለት ነው።

ትምህርት በሌለበት አንድ ዓርብ ጓሳ ወጡ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ሮመዳን ገጥመዋል። ሣሩን የሚጠብቁትን አንድ አዛውንት ሲጠይቁ፣ በናኢማ ስልክ ፎቶ ሲያነሡ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገሊላ እንጀራዋን ፈታች። ናኢማም ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ወደ ሁለቱ ገፋ አደረገችው።

ቴዎፍሎስ ብድግ አለ። «በሁዳዴ የእስላም ሥጋ ልታበይን ነው? ሰኞ ለቲቸር ነግሬ ከቡድኑ አስወጣሻለሁ!» ብሎ ምሳ ዕቃውን በእግሩ ገፋው። ፍትፍቱ ሣሩ ላይ ተደፋ።

ገሊላ ጎንበስ ብላ አየችው። «አንተ ልጅ፣ ሽሮ እኮ ነው! ቅቤ የለውም፣ በዘይት ነው።»

«እናቴን ጾመኞች ናቸው ብያት ነው የሠራችው» አለች ናኢማ።

«አንቺስ ለምን አልበላሽም?» አለ ቴዎፍሎስ።

«እኔም ጾመኛ ነኛ! እስከ ማታ ውሃም አልቀምስ።»

ለካ የቄሱ ልጅ የራሱን ጾም ሲያስከብር የሌላ ጾመኛ እጅ ነበር የገፋው። ቁጢጥ አለና የተደፋውን እንጀራ እያነሣ፣ እንደ አገሩ ደንብ እየሳመ፣ ወደ ዕቃው መለሰ። ከላይ ያልቆሸሸውን ጎርሶም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ አላመጠ።

አመሻሽ ላይ ወደ መኪና መንገዱ ሲመለሱ ጉም ወረደባቸው። ናኢማ ከንፈሯ ደርቋል፤ የያዙት ብቸኛ ስልክ፣ የእሷው፣ ፎቶ ሲያነሣ ውሎ ባትሪው አልቋል። እዚያ ዳገት ላይ ደግሞ ምን አዛን ይሰማል! የውሃ ጠርሙሷን እንደያዘች ቆመች። «ፀሐይ መጥለቋን ካላወቅሁ አልጠጣም» አለች።

ቴዎፍሎስ ከጉሙ በላይ ብቅ ወዳለ ቋጥኝ ወጣ። ከታች አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

«ገና ናት!»

ትንሽ ቆይቶ፣ «ቆይ፣ ጫፏ ቀርታለች!»

ገሊላ ሣቋን አፈነች። ናኢማ ግን ዕንባዋ መጣ።

«ጠለቀች! ጠጪ!»

ሰኞ ቲቸር ተገኘ «ሁላችሁም ሠርታችኋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቴዎፍሎስ ወደ መሬት እያየ «ሁላችንም» አለ። ናኢማ ተነሥታ «አገራችን ጓሳ…» ብላ ጀመረች። ቴዎፍሎስ ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ምላሱም ከዚያ በኋላ ያን ያህል አልታረመም።

ዛሬም ማታ የደብረ ብርሃኑ አዛን ተሰማ። ናኢማ ውሃዋን አነሣች፤ ከመጠጣቷ በፊት ግን እንደ ልማዷ ጥቂት ቆየች። አዛኑን ሰምታዋለች። የምትጠብቀው ከቋጥኙ ላይ «ጠጪ!» የሚላትን ድምፅ ነው።