በክትክታ የታጠነ ቅል

እስከዚያ ሳምንት ድረስ ዙቤይዳ ወተት በአፍንጫዋ ስትመርጥ ተሳስታ አታውቅም። እሷ የመለሰችውን ወተት ከሚሴ ውስጥ ሌላ ነጋዴ አይገዛውም። ከጨፋ የሚመጡት ሴቶች ይህን ስለሚያውቁ ክዳኑን ከፍታ እስክታሸት ድረስ ዝም ብለው ይቆማሉ።

የሸሪፋን ቅል አሸተተችና ወዲያው ከደነችው።

"ኮምጥጧል። የትናንቱን ከዛሬው ቀላቅለሻል።"

"ወላሂ እትዬ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለብኩት ነው።"

"አፍንጫዬ ወላሂ አይሰማም።"

ሸሪፋ ከአርጎባ መንደር ወደ ጨፋ ተድራ የመጣች ናት። ባሏ ወገቡን ታሞ ከተኛ ወዲህ ቤቷ የሚኖረው በአንዲት ላም ወተት ነው። ወተቷ ሲመለስ ይህ ሦስተኛው ነበር። ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች ከእሷ ትንሽ ራቅ አሉ። "ቀላቃይ" የተባለች ሴት ገበያ የላትም።

"ነይ ወዲህ፣" አለቻት ከጎን ያለችው የሻይ ቤቷ ባለቤት ፋይዛ። "እኔ ቤት አፍንጫ የለም፣ ሆድ ብቻ ነው ያለው።"

በማግስቱ ጠዋት ፋይዛ ለዙቤይዳ ትኩስ ወተት በብርጭቆ አቀረበችላት። ዙቤይዳ ግማሹን ጠጣች።

"ማሻአላህ። ይህን ከማን ነው የገዛሽው? ለእኔም ታምጣልኝ።"

"ከሌባዋ።"

"ከየትኛዋ ሌባ?"

"ትናንት ካባረርሻት። ድስቴን ሰጥቻት፣ እዚያው ውስጥ አልባ አመጣችልኝ።"

"እንግዲያው ፈርታ መቀላቀሉን ትታለች።"

"የትናንቱንም እኮ ሸጨዋለሁ። የመለሰ ሰው የለም።"

ሸሪፋ ባዶ ቅሏን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፋይዛ ቅሉን ተቀበለቻትና ካልፈላው ወተት ግማሹን ገለበጠችበት።

"ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እቴ።"

ዙቤይዳ ጨፈነች። መጀመሪያ ድስቱ ቀረበላት። "ደህና ነው" አለች። ቅሉ ሲቀርብ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳበች። "ይኸው፣ ኮምጥጧል።" ዓይኗን ስትገልጥ ፋይዛ ሁለቱንም ይዛ ቆማለች። ወተቱ አንድ ነው።

ዙቤይዳ ደግማ አሸተተች። አሁንም ኮመጠጣት።

"በምንድን ነው የምታጥኚው?" ብላ ሸሪፋን ጠየቀቻት።

"በክትክታ እንጨት። እናቴ ቤት እንደዚያ ነው። ካስጠላሽ በወይራ አጥነዋለሁ።"

ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ የወተት ዕቃቸውን የሚያጥኑት በወይራ ነበር። ዙቤይዳ እናታቸው ክትክታ ታውቅ እንደሆነ ልትጠይቅ ባቲ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ለኢሳ ደወለች።

"ክትክታ?" አለ ኢሳ። "እማ ድሮ በሱ ነበር የምታጥነው። ሦስት ዓመት ሲሆንሽ የተበላሸ ወተት ጠጥተሽ ልትሞቺብን ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ ክትክታ ቤታችን አልገባም።"

"ምንም ትዝ አይለኝም።"

"ከየት ትዝ ይልሻል? ልጅ ነበርሽ።"

ስልኩን ዘግታ ቅሉን እንደገና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምክንያቱን ማወቋ ሽታውን አልለወጠውም። ሰው የኮመጠጠ ወተት ሲያሸት እንደሚያደርገው ምላሷ ሥር ምራቅ ሞላ።

"ስለዚህ በወይራ ታጥነዋለች፤ አለቀ" አለች ፋይዛ።

ዙቤይዳ ቅሉን ለሸሪፋ መለሰችላት። "አላለቀም። በወይራ አጥና ብቀበላት ሴቶቹ 'ተይዛ ተመከረች' ነው የሚሉት። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" ወደ ሸሪፋ ዞረች። "ነገ በዚሁ ቅል፣ በክትክታ አጥነሽ አምጪ። አውፍ በይኝ።"

"አላህ አውፍ ይበልሽ፣ እትዬ።"

"አንቺ ደግሞ፣" አለቻት ፋይዛን፣ "የእሷን የምታሸቺው አንቺ ነሽ። እኔ አፍንጫዬን አላስጠጋም።"

"ደመወዝ አለው?"

"ወተት ትጠጫለሽ።"

በማግስቱ ሴቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ሳለ ዙቤይዳ የሸሪፋን ቅል በፊታቸው ተቀበለች። "ይህ ወተት አልተቀላቀለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለች። ፋይዛ አሽታ "ደህና ነው" በሚል ራሷን ነቀነቀች። ለዙቤይዳ ግን ይህ አልበቃትም፤ የኮመጠጠ ወተት እሳት ላይ ስለሚቆራረጥ ምድጃውን እዚያው አቀጣጠለችና ወተቱን ጣደችው። ሴቶቹ ቀረብ ብለው ድስቱ ውስጥ አዩ።

አራት ሊትር ነበር። ፈልቶ ከእሳት እስኪወርድ ድረስ አንድም ቦታ አልተቆራረጠም፤ ለዙቤይዳ ግን እንፋሎቱ ሳይቀር ይኮመጥጣት ነበር።