የወለተኪዳን መግነዝ

ጥሩሸዋ የቄሱን ቁስል ያሰረችበትን ጨርቅ ስትፈታ ሽታው ነገራት። ከእንግዲህ ተስፋ የለም።

"አባ መርስዔ ኃዘን፣ ይሰሙኛል? ጥሩሸዋ ነኝ። ዛሬ መሄዴ ነው። ይፍቱኝ አባቴ!"

ቄሱ ዓይናቸውን በጭንቅ ገለጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጆሮዋን አስጠጋች።

"ውሃ" አሉ።

ሮጣ ቀድታ ስትመለስ አልቀዋል። ራሷን ይዛ ጮኸች። ለእሳቸው አለቀሰች፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ይበልጡን ያለቀሰችው ለራሷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩሸዋ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ነበረች። አገር ሲፈርስ መንዝ ውስጥ ወዳለችው መንደራቸው ወደ ቀየት እናቷ ዘንድ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ የቆሰለ አርበኛ ሁሉ በቃሬዛ ወደ እሷ ይመጣል። በምን ታክመው? መድኃኒቱ ካለቀ ዓመት አልፎታል። የፈላ ውሃና ጨው፣ ጨውና የፈላ ውሃ! በዚህ ክረምት ብቻ አሥራ አንድ ሰው እጇ ላይ ሞቷል።

በነሐሴ የድሮ ባልደረባዋ ጌታነሽ ከጅቡቲ ደብዳቤ ላከችላት። "እዚህ የስደተኛው ሆስፒታል በቁስለኛ ተጨናንቋል፤ አማርኛ የሚሰማ አስታማሚ የለም። ደመወዝ አትጠብቂ። ግን መድኃኒት አለ፤ ስንሠራ ከርመን በጨው ነጋዴ እጅ ወደ እናንተም እንልካለን" ይላል። ጥሩሸዋ ያን ወረቀት እያጠፈችና እየዘረጋች ልትጨርሰው ምንም አልቀራት።

እናቷ ወይዘሮ ወለተኪዳን ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀጥ ብላ አባ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄደች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ራቤል ከተባለው ቦታ አጠገብ ወድቀው ሬሳቸውን ያነሳ አልነበረም። "እኔንም ጅብ ይብላኝ?" ብላ ቄሱን አስጨነቀቻቸው። እሳቸውም "እናቷን በእጇ ሳትገንዝ ከአገር ብትወጣ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን እንደ አርዮስ የተወገዘች ትሁን" ብለው ገዘቱ። በኋላ አዘኑላት፤ "እናትሽን ላግባባና እፈታሻለሁ" ብለዋት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ባንዳ ተኩሶ ሆዳቸውን መታቸው።

ሌላ ቄስ አይፈታትም ወይ ትሉ ይሆናል። ኧረ የመንዝን ሰው እንዲህ ብላችሁ ጠይቁትና ጉዳችሁን እዩ! ግዝት የሚፈታው የገዘተው ቄስ ነው፤ በቃ።

እያለቀሰች ቤቷ ስትደርስ ጨው ነጋዴው ቅጣው ወደ ጅቡቲ ሊያሻግራት ሁለት አህያ ገብስ ጭኖ ደጅ ቆሟል።

"የት ጠፋሽ? ባንዳው ሁሉ ዛሬ ገበያ ነው፤ ቁልቁለቱ ባዶ ነው። በረሃውን የሚመሩን አፋሮች ቆላ ላይ እስከ ማታ እንጂ ነገን አይጠብቁንም።"

"አያ ቅጣው፣ አባ ሞቱ።"

"ነፍሳቸውን ይማር። ፈቱሽ?"

"አልፈቱኝም።"

ቅጣው ወደ መሬት አየ። "እንግዲያው ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ግዝት ያለበት ሰው ይዤ በረሃ አልገባም። ልጆች አሉኝ።"

አህዮቹን ሊነዳ አለንጋውን ሲያነሳ ከውስጥ የወለተኪዳን ድምፅ መጣ።

"ቅጣው! እንዳትንቀሳቀስ። አንቺ ደግሞ ግቢ!"

ጥሩሸዋ ስትገባ ሳጥኑ ተከፍቷል። ወለተኪዳን ሰባት ዓመት ያስቀመጠችውን ነጭ መግነዝ መደቡ ላይ አንጥፋ፣ እሷም ላዩ ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች። ጥሩሸዋ ያን ጨርቅ ለቁስል ማሰሪያ ስንት ጊዜ ለምናት ስንት ጊዜ ከልክላታለች!

"ገንዢኝ" አለች እናትየው።

"እማዬ፣ አበድሽ እንዴ?"

"አላበድኩም። ያስገዘትኩሽ እኔ ነኝ፤ ቃሉን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። 'ሳትገንዝ' አሉ እንጂ 'እናቷ ሳትሞት' አላሉም።"

"እንዲህ ያለ ሟርት በእጄ አላደርግም!"

"የአባን ቁስል በምን አጠብሽው?"

"በጨው ውሃ።"

"እኮ! ነገስ ማንን በጨው ውሃ ልትሸኚ ነው? ልጆቼን እንኳ ሰው ቢደርስላቸው ያለ መድኃኒት ባዶ እጁን ነበር የሚደርሰው። ገንዢኝ ብዬሻለሁ!"

ስንቱን ሬሳ ስትገንዝ እንደኖረችው መደቡ ሥር ተንበረከከች። ጥሩሸዋ የእናቷን የእግር አውራ ጣቶች አጋጥማ በክር አሰረች። የእጆቿንም እንዲሁ።

"ጠበቅ አድርጊው፤ ለይስሙላ ከሆነ አይቆጠርልሽም።"

"ያምሻል እኮ።"

"ሬሳ አያመውም። ቅጣው! ና ግባ። አየህ?"

ቅጣው በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። "አየሁ፣ እትዬ ወለተኪዳን።"

"ለሚጠይቅህ ሁሉ መስክር። ልጄ ገንዛኛለች። አደራ፣ በረሃው ላይ ውሃ እንዳታስጠማት።"

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ጥሩሸዋ መግነዙን እስከ አንገቷ ሰበሰበችላት።

"እማዬ።"

የመግነዙን ጫፍ አስተካከለችላት።

"እማዬ፣ 'በሰላም ግቢ' በይኝ እንጂ! እንዴት ዝም ብለሽ ትሸኚኛለሽ?"

 ከወለተኪዳን የተጨፈነ ዓይን አንድ ዘለላ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

"ነይ፣ ፀሐይዋ ሄደች" አለ ቅጣው ቀስ ብሎ።

ጥሩሸዋ ስንቋን አንስታ እስከ በሩ ሄደች። እዚያ ላይ ምድጃውን አየች። እሳቱ ጠፍቷል። ለእናቷ የሚያነድላት ሰው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የለም። 

ተመልሳ ተንበረከከችና የእናቷን የእጅ አውራ ጣቶች ክር ፈታች። የእግሯን አልነካችም፤ እሱን እናቷ ራሷ ትፈታዋለች። ክሩ ሲላላ የወለተኪዳን እጅ የልጇን ጣቶች ጭምቅ አድርጎ ያዘ፣ ለቀቀም።

ጥሩሸዋ ክሩን ከማተቧ ጋር ቋጠረችውና ወጣች።