ሦስት ጊዜ ደወለ

«እንቅልፍ ወስዶት ነው የሄደው» አለ ሌንደርት፤ ከጠዋት ጀምሮ ለአራተኛ ጊዜ። «አየሩ እያነሰ ሲመጣ ሰው ይደክመዋል፣ ጋደም ይላል፣ አለቀ። አልተሠቃየም። ሐኪሙ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሳሎን የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች እንደሚያምኑት ሁሉ «እሱስ ደግ ነው» አሉ። ሚስቱ ኔልቼ ወጥ ቤት ሆና ቡናውን ወደ ፔርሙስ እየገለበጠች ነበር። ፔርሙሱ ሞልቶ ትኩሱ ቡና እጇ ላይ መፍሰሱን ያወቀችው እህቷ ኮሪ ክንዷን ስትስባት ነው።

«ምን ሆነሻል? እጅሽን እኮ ቀቀልሽው!»

«ምንም አልሆንኩም። ብስኩቱን ውሰጂላቸው።»

የልጃቸው የዮሪት ሬሳ ሳጥን ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ፖሊስ የአስከሬን ምርመራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ከመለሰው ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ቀብሩ ሐሙስ ነው። አስከሬኑን ያመጡት ሰዎች ክዳኑን ባትከፍቱት ይሻላል ብለዋል። አስከሬኑ እንዳይበላሽ ከሳጥኑ ሥር የተደረገው ማቀዝቀዣ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ሰው ሲያወራ አይሰማም፣ ዝም ሲባል ይመለሳል። ስለዚህ ሌንደርት ዝም አይልም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሮተርዳም ወደብ ላይ ክሬን ነድቷል። ልጁን መርከብ ላይ ኮንቴይነር አሳሪ አድርጎ ያስቀጠረውም እሱ ነው፤ «የኔ ልጅ ነው፣ ሌላ ምን ማረጋገጫ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ። አሁን ከሠላሳ አንድ ዓመት ባልደረቦቹ ሊያጽናናው የመጣው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮቱን ሳያወልቅ ቡናውን ጨልጦ ወጣ። ጋዜጣው ስም አልጠቀሰም። «ከፍራፍሬ ጋር የገባ ኮኬይን ሊያወጣ ኮንቴይነር ውስጥ የገባ ወጣት የወደብ ሠራተኛ ታፍኖ ሞተ» ነው ያለው። ሰፈሩ ግን ስሙን ከጋዜጣ አልጠበቀም።

ጎረቤቶቹ ሊወጡ ሲሉ ኮሪደሩ ላይ ይንሾካሾካሉ።

«ደሞዝ አለው፣ ቤት አለው። ምን ጎደለው?»

«እናትየዋ ሳታውቅ ቀርታ ነው ብለሽ ነው?»

ኔልቼ ከኋላቸው መጥታ ኮታቸውን ከመስቀያው አውርዳ አቀበለቻቸው። «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ተጠንቀቁ» አለቻቸው። ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።

እናትየዋ ታውቅ ነበር።

ዮሪትን በሌላም ታውቀዋለች። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ክረምት፣ ባለንብረቷ የተዋት አንዲት አሮጌ መርከብ ከነመርከበኞቿ ወደቡ ላይ ቀርታ ነበር። ማሞቂያዋ ተበላሽቷል። ዮሪት በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ጥብስ ድንች በማዮኔዝ ይዞላቸው ይሄዳል። አንድ ቀን በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ቤት ገባ።

«ኮትህስ?»

«የመርከቧ ወጥ ቤት ሠራተኛ ለብሶታል። እማ፣ ሰውየው ከሞቃት አገር ነው የመጣው፣ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ብታዪው! እኔማ የለመድኩት ነው።»

«ልታመም ብለህ ነው?»

«ብታመም አንቺ አለሽ አይደል?»

እንዲህ ያለ ነበር። እምቢ ማለት አያውቅም። ለመርከበኛውም እምቢ አላለም፣ ከልጅነት ጓደኛው ከስቴፍ ጋር ለመጡት ሰዎችም እምቢ አላለም። መጀመሪያ «አንድ ጊዜ ብቻ» አሉት። ከዚያ እምቢ ማለት የማይቻል ሆነ።

ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ኔልቼ ልብሱን ልታጥብ ቦርሳውን ስትከፍት የሌላ ሰው የወደብ መግቢያ ካርድ አገኘች። ዮሪት መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻም ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መውጣት አይቻልም፣ እማ። እንደዚህ በቀላሉ አይወጣም።»

«ፖሊስ ጋ እንሂድ። እኔ አብሬህ እገባለሁ።»

«አባዬስ? ስሙስ?»

«እንግዲያው ስማኝ» አለችው። «ይሄን ነገር እስክትተው ድረስ እናት የለህም። ብትደውልም አላነሳም።»

«ታነሺያለሽ» አላት ሲወጣ። «አንቺ መች ታስችያለሽ?»

አስቻለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ቀን፣ የኮሪ ልደት ነበር። ዘመድ አዝማዱ ወንበሩን ክብ አድርጎ፣ ኬኩን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ስልኳ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው፦ ዮሪት። ሳታነሳ ወደ ኪሷ መለሰችው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ደወለ። በሦስተኛው ኮሪ ከወዲያ ማዶ «አንሺው እንጂ፣ ማነው እንዲህ የሚጨቀጭቅሽ?» አለች።

«ማስታወቂያ ነው» አለች ኔልቼ፤ ስልኩንም አጠፋችው። ማታ ስትከፍተው አንድ የድምፅ መልእክት ጠበቃት። አላዳመጠችውም፤ ድምፁን ከሰማች እንደምትሸነፍ ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት ፖሊሶች በሩን አንኳኩ።

መደወሉን ከእሷ ሌላ የምታውቀው አንዲት ፖሊስ ብቻ ናት። «መልእክቱን ከቀብሩ በኋላ መጥተን እንወስዳለን» ብላታለች ለብቻዋ አድርጋ። «ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«አያውቅም። እንቅልፍ ወስዶት የሞተ ነው የሚመስለው።»

ሴትየዋ «ከእኔ አይሰሙም» አለቻት።

ረቡዕ ከሰዓት ስቴፍ መጣ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ዝናቡ እየወረደበት የአትክልቱ በር ላይ ቆሟል። ኔልቼ ጃንጥላ ሳትይዝ ወጣች። ልጅ ሆኖ እዚህ ግቢ ከዮሪት ጋር ኳስ ሲጫወት ነው ያደገው።

«እትዬ ኔልቼ...» አለና አቃተው።

«ተናገር።»

«የኮንቴይነሩን በር ከውጭ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው እስኪያልፍ ነበር፣ ተመልሼ ልከፍትለት። መብራት ሲያበሩብኝ ሮጥኩ። ስመለስ ሌላ ኮንቴይነር በሩ ላይ አስጠግተውበታል።»

«ለሰው ለምን አልተናገርክም?»

«ፈራሁ። ደወለልኝ። ፖሊስ ልጥራልህ ስለው ‹ተው፣ አባቴ ሠላሳ ዓመት የሠራበት ቦታ ነው፣ እናቴ ጋ እደውላለሁ፣ እሷ ታነሳለች› አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ዘጋሁ። እርስዎ አንስተው ነበር... አንስተው ነበር አይደል?»

ኔልቼ ፊቱን ልትቧጭረው እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እኔም ዘጋሁት» አለችው።

ሁለቱም ዝናቡ ውስጥ ቆመው ተያዩ። በዓለም ላይ ይህን ነገር የነገረችው የመጀመሪያ ሰው እሱ መሆኑ አንገበገባት፤ ግን ከእሱ ሌላ ለማን ይነገራል?

«ሄደህ ለፖሊስ ተናገር።»

«ይገድሉኛል፣ እትዬ።»

«እሱንስ?»

መስኮቱ ተከፈተና ሌንደርት ብቅ አለ። «ማነው?»

«የሥራ ጓደኛው ነው» አለች።

«ታዲያ አስገቢው! አንድ ሰው እንኳ ይምጣለት እንጂ!»

ስቴፍ ግን ኮፍያውን ደፍቶ እየሮጠ ሄዷል። ፖሊስ ጋ ይሁን ወደ ሌላ፣ አላወቀችም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሬሳውን የሚወስደው መኪና ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ኔልቼ መታጠቢያ ቤት ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። ባዕድ ሰው ከእሷ በፊት የልጇን ድምፅ እንዳይሰማ ፈለገች። ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ረጅም፣ የደከመ ትንፋሽ። ከዚያ፦

«እማ። አንሺ እንጂ። እሺ፣ ልክ ነሽ፣ በኋላ ትቆጪኛለሽ። አሁን እስክሪብቶ ፈልጊ። የኮንቴይነሩ ቁጥር እዚህ ውስጥ ግድግዳው ላይ አለ፣ በስልኬ መብራት እያየሁት ነው። ጻፊና ለአባዬ ስጪው። አባዬ ቁጥሩን ካየ የት እንዳለሁ ያውቃል፣ ለማን እንደሚደውልም ያውቃል።»

አራት ፊደል ጠራ። ከዚያ ቁጥሩን ጀመረ፤ በእያንዳንዱ መሃል እየተነፈሰ። «አራት... ዜሮ... ስድስት... ስድስት፣ ሁለት ጊዜ ስድስት ነው እማ... ጻፍሽ?»

ኔልቼ ተነስታ የመስተዋቱን ሳጥን በረበረች። የቅንድብ እርሳስ አገኘች። የሐዘን ካርድ የመጣበትን ፖስታ ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና መልእክቱን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ፊደሉን ጻፈች። አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት ጊዜ ስድስት። አንዱን አበላሸች፣ ሰርዛ ደግማ ጻፈችው። እንዳልተሳሳተች ለማረጋገጥ ለሦስተኛ ጊዜ አዳመጠች።

በሩ ተንኳኳ።

«ኔል፣ መኪናው መጥቷል» አለ ሌንደርት። «ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁን ነው።»

ቁልፉን አዙራ ከፈተችው። ክራባቱ ተጣሟል። የፊቷን ሁኔታ አይቶ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ፖስታውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምንድን ነው?»

«ለአባዬ ስጪው ብሎኛል» አለች።

ሌንደርት ከኮቱ የውስጥ ኪስ መነጽሩን አወጣና አደረገው። ፖስታውን ወደ ኮሪደሩ መብራት አስጠግቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነብ ጀመር።