ሰርቨሩ ላይ የሰፈሩት ንቦች

ትሕትና ቦንጋ ባለው የቡናና የማር አምራቾች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች አራት ወሯ ነበር። የሠራችው ፕሮግራም እያንዳንዱ ጆንያ ቡና ከየትኛው ገበሬና ከየትኛው ጫካ እንደመጣ ያሳያል። ገዢዎች ያንን ሳያዩ አይገዙም። የቀረው፣ ፕሮግራሙ የት ይቀመጥ የሚለው ብቻ ነበር።

«ክላውድ ይሻላል» አለቻቸው ሥራ አስኪያጁን ጋሽ ጣሰውን። «በኢንተርኔት የምንከራየው ኮምፒውተር ነው። መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስበንም።»

ጋሽ ጣሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «ክላውድ ደመና ማለት አይደል? የቦንጋ ደመና እንደሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። የገበሬውን ስም እዚያ አልሰቅልም። በእጄ የምነካው ነገር አምጪልኝ።»

ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። የማር ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ቁም ሳጥን ተለቆለት ገባ። ትሕትና ግን ልቧ አልረጋም። ጋሽ ጣሰውን «ለሙከራ ብቻ» ብላ አስፈቅዳ፣ ሁልጊዜ ከቢሮ ከመውጣቷ በፊት አንድ ቅጂ ክላውድ ላይ ታስቀምጥ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን ቆየ። የሰርቨሩ ባትሪ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየም። መብራት የመጣ ቀን ትሕትና ልታበራው በሩን ከፈተችና ወዲያው መልሳ ዘጋችው።

«ጋሽ ጣሰው፣ ንብ!»

መንጋው በተከፈተው መስኮት ገብቶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰፍሯል። ጋሽ ጣሰው በመስተዋቱ አጮልቀው አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጨለማ፣ ደረቅ፣ ማር ማር የሚል ቤት! ምን ያድርጉ?»

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ ተሾመች የምትባለው የማንኪራ ቀበሌ ቡና መዝጋቢ ነበረች።

«ገዢዎቹ መጥተዋል፤ ፕሮግራሙ ግን አልከፈትልሽ አለኝ!»

«ሰርቨሩን ንብ ወርሮታል» አለቻት ትሕትና።

«የማን ንብ?»

«እሱን ተዪውና ክላውድ ላይ ያለውን ቅጂ አድራሻ ልላክልሽ።»

ተሾመች ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጣች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወለች። የሁሉም ገበሬ ስም ከነጫካው ስልኳ ላይ ወጥቶ፣ ገዢዎቹ ጆንያዎቹን እያመሳከሩ ነው። ከኋላዋ እልልታ ይሰማል።

«አሸነፍሽኝ» አሉ ጋሽ ጣሰው። «ኢንተርኔት የተቋረጠ ቀንስ?»

ትሕትና አሰበች። ባለፈው ወር አንድ ሙሉ ቀን ተቋርጦ እንደነበር አልረሳችም። «እውነትዎን ነው። ዋናው ክላውድ ላይ ይሁን፣ ቅጂው ደግሞ እዚህ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ።»

«እንደዚያ ከሆነ ተስማማን።»

ከደካ መንደር የተጠራው ንብ አናቢ ኢያሱ መጥቶ መንጋውን በቀፎ ወሰደው። ሰርቨሩ ተጠርጎ፣ መስኮቱ ወንፊት ተበጅቶለት ሥራ ጀመረ።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ ክላውድ ለገበሬዎቹ በካፊኖኖ ያስረዱት ጋሽ ጣሰው ራሳቸው ነበሩ። ትሕትና ቋንቋውን ገና እየለመደች ስለነበር ግማሹ አልገባትም። እሳቸው እንደ ንብ ጥዝ እያሉ ወደ ደመናው ሲጠቁሙ አዳራሹ በሳቅ ማውካካቱን አይታ ግን፣ ከእሷ የተሻለ እንዳስረዱ አወቀች።