መረጠች ጥላን

አምላኩ ቅኔ ከገባው ዝም ማለት አይችልም። ሌላው ጠባዩ ደህና ነው፤ ሰው አያማም፣ አርፍዶ አይገባም፣ የተናደደ ባለጉዳይ እንኳ እሱ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቅኔ ሲሰማ ግን ልጅ ይሆናል። ሌላው ያልደረሰበትን እሱ እንደደረሰበት ሰው ካላወቀለት የበላው አይረጋለትም። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ነው ወደ አስኳላ የዞረው፤ ያ ነገር ቢቸና ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ከሆነም በኋላ ሲቆረቁረው ይኖራል።

ስጦታው አብሮት ቅኔ የቆጠረ ጓደኛው ነው። እሱ የውሃ ባለሙያ ሆኖ እዚያው መሥሪያ ቤት ስለገባ ሁለቱ ሻይም ምሳም አይለያዩም ነበር። ስጦታው ይቀኛል፣ አምላኩ ይፈታል፤ ሌላው ሠራተኛ ሁለቱን እያየ ይስቃል።

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ጡረታ ስትወጣ ምርጫው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓትና በመንግሥት ንብረት ለየትኛውም ፓርቲ መቀስቀስ እንደማይችል የሚያሳስበው ማስታወቂያ በየበሩ ተለጥፏል። ኃላፊው አቶ ሀብተ ሥላሴም በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አንብበውታል። በቢሯቸው መኪና መስታወት ላይ የተለጠፈውን የእጩ ፎቶ ግን ማንም ደፍሮ አላነበበላቸውም።

የሽኝቱ ምሳ በአዳራሹ ተዘጋጀ። ሥጋው ቀርቦ፣ ንግግሩ ሁሉ አልቆ ሰው ሲሰለች ስጦታው ብድግ አለ፤

«ሁላችን በፀሐይ ቆመን እያለን፣
ይርጋነሽ አውቃለች፣ መረጠች ጥላን።»

«ይበል! ይበል!» ተባለ። እኛ በሥራ ፀሐይ ስንቃጠል እሷ የዕረፍትን ጥላ መረጠች፤ ደግሞም ጥላን ሄደች። ይኼ ለሁሉም ገባው፤ ይርጋነሽም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። አምላኩ ግን ሌላ ሰምቶ ነበር። በወረዳው ከሚወዳደሩት ተቃዋሚ ፓርቲዎች የአንዱ የምርጫ ምልክት ጃንጥላ ነው። አውቃለች፣ መረጠች፣ ጥላን! ሳቁ አመለጠው። ቀና ሲል ስጦታው እያየው ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አቶ ሀብተ ሥላሴ ከጎኑ ተቀምጠው አጥንት ይግጣሉ። «ጥላን ሄደች ማለቱ ነው፣ አይደል?» አሉ፣ የገባቸው መሆኑ ደስ ብሏቸው።

ያቺ «አይደል?» አምላኩን አላስቀምጥ አለችው።

«እሱማ ለሁሉም ነው፣ ጌታው» አለ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። «ዋናው ወርቅ ሌላ ነው። ጃንጥላ የማን ምልክት ነው?»

ኃላፊው ማኘካቸውን አቆሙ። አምላኩ የዋሁ በዕውቀቱ የተደነቁ መሰለው።

በሳምንቱ ስጦታው በመንግሥት አዳራሽ፣ በሥራ ሰዓት ለፓርቲ ቀስቅሷል ተብሎ በዲሲፕሊን ተከሰሰ፤ አምላኩም ቅኔውን እንዲያስረዳ ተጠራ። ያን ቀን እህል አልበላም። አፉን ረገመው፣ ራሱን ተጸየፈው። «ተሳስቼ ነው፣ ከሽኝት ሌላ ትርጉም የለውም» ብሎ ሊወጣ ቁርጥ አድርጎ ወስኖ ነበር የገባው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰብለ ወንጌል የምትባል የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ስጦታው የልጆች አባት መሆኑን ታውቃለች፤ ልታድነው ፈልጋለች። ስለዚህ ለአምላኩ መውጫውን ራሷ አበጀችለት።

«ጥላ እኮ ጥላ ነው» አለች። «አቶ አምላኩ የሌለ ነገር ሰምተው ይሆናል። ቅኔውንም ቢሆን ሳይጨርሱ ነው የወጡት ይባላል፤ እና በእሳቸው ግምት ሰው አንቀጣም።»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አንዲት አዎ! አምላኩ ግን «ሳይጨርሱ» የምትለዋን ሲሰማ ፊቱ ጋለ።

«ባልጨርስም ኅብር ለመለየት አላንስም» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ቃል በቃል ፈታው። ጥላ አንድ ጊዜ የዛፍ ጥላ፣ አንድ ጊዜ ትታን ማለት፣ አንድ ጊዜ ጃንጥላ መሆኑን፣ «መረጠች» የሚለው ግስም ያለ ምክንያት እዚያ እንዳልገባ አስረዳ። እንዲህ አድርጎ ቅኔ ፈትቶ አያውቅም። ሲጨርስ «ይበል» የሚለው ሰው ጠበቀ። ሰብለ ወንጌል እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ስጦታው እንዲመልስ ሲጠየቅ «ሰምታችሁታል» ብቻ አለ። ከሥራ ተሰናበተ፤ ቤተሰቡንም ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ሞጣ ሄደ።

አምላኩ ከዚያ በኋላ ሰው የሆነ አይምሰላችሁ። ሠራተኞቹ ሰላም ይሉታል፤ ሻይ ቤት ሲገባ ግን ጨዋታው ስለ ዝናብ ይሆናል። የስጦታውን ባዶ ወንበር ላለማየት ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አዞረ። በመጨረሻ የይግባኙ ጊዜ ሳያልፍ ብሎ ሞጣ ወረደ። በመንገዱ ሁሉ የሚለውን ሲለማመድ ነበር።

ስጦታውን ያገኘው ገበያው አጠገብ፣ የሼህ ይማም የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ለውሃ ጉድጓድ ቦታ ይመርጥ የነበረው ሰው የቧንቧ መገጣጠሚያ እየለካ ይሸጣል። አምላኩን ሲያይ በርጩማ አወጣለት።

«ይግባኝ በል» አለ አምላኩ ሳይቀመጥ። «እኔ እመሰክራለሁ። የሌለ ወርቅ ነው ያወጣሁት፣ ቅኔ አላውቅም ብዬ እፈርማለሁ። በሰው ፊት እላለሁ!»

«ተው፣ አምላኩ። ነበረ እኮ።»

«ቢኖርስ!»

«ሕጉን አውቀዋለሁ» አለ ስጦታው። «ለዚያ ሁሉ ሰው የሰጠሁት ጥላን ሄደች የሚለውን ነው። ጃንጥላዋን ለቅስቀሳ አላስገባኋትም። ማንን ልቀሰቅስባት? እዚያ አዳራሽ ውስጥ የምትገባው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተን ላስቅህ ብዬ ነው።»

አምላኩ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ስትስቅም አየሁህ» አለ ስጦታው። «ደረሰችው ብዬ እኔም ደስ አለኝ።»

የውሃ ጎማ የሚገዛ ገበሬ መጣ፤ ስጦታው ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ ሰጠው። አምላኩ እንባውን መያዝ አቃተው።

«ይቅር በለኝ» አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ስጦታው የተረፈውን ጎማ እየጠቀለለ። «በእውነት። ቤትም ሂድ፣ ልጆቹ ሲያዩህ ደስ ይላቸዋል። ቅኔ ግን ከእንግዲህ አልሰጥህም።»