የነጣው ጣቃ

እኛ ቤት ፀሐይ የምትታየው እንደ ሌባ ነበር። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሥራ ክፍሉ መስኮት ሰፊ ቢሆንም ድርብ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። «ፀሐይ ጨርቅ ትበላለች» ይላል። ከመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጣቃ ደግሞ የዓይኑ ብሌን ነበር። ስወለድ ነው የገዛው፤ ራሴን ችዬ ከቤት ስወጣ ካፖርት ሊሰፋልኝ።

እኔም ከጣቃው ጋር በጥላ አደግሁ። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት መልስ ቁልፍ እተክል ነበር፤ ትምህርቴን ስጨርስ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከአባዬ ጎን መርፌ ይዤ መዋል ሆነ። ያ ክፍል ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ካውያ የነካው ሱፍ ሽታ፣ የአባዬ ፉጨት፣ በጠራራ ቀን የሚበራው አምፖል። እንደዚያ ደልቶኝ የኖርኩበት ቦታ የለም። ምን ያደርጋል፣ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ጭኔን ያመኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል። እማዬ «ተጎልቶ የሚውል ወገብ ምን ያድርግ!» እያለች ታሾፍብኛለች። አንድ ቀን ከበርጩማ ላይ ስወርድ፣ ወደቅሁ እንኳ አልልም፣ ወረድኩ፣ የእግሬ አጥንት ተሰነጠቀ።

ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አይታ «ፀሐይ ታገኛለሽ?» አለችኝ። እኔ አባዬን አየሁት። አባዬ ጫማውን አየ።

«ቫይታሚን ዲሽ በጣም ወርዷል። እሱ ከሌለ የምትበይው ካልሲየም በደንብ አጥንትሽ ጋ አይደርስም። አጥንት ደግሞ የሚጠራቀመው እስከ ሠላሳ ዓመት ግድም ነው፤ አሁን ያላስቀመጥሽውን ስታረጂ ከየት ታመጪዋለሽ? ኪኒኑን ውሰጂ፤ ፀሐይም ሙቂ።»

ቤት እንደገባን አባዬ መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቀለው። የደንበኞቹን ጨርቅ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ከተተ፤ ሳጥኑ ሞላ፣ የእኔ ጣቃ ውጭ ቀረ።

«አባዬ፣ ጣቃው!»

«የሰው ይቅደም። አንቺ ዝም ብለሽ ሙቂ!»

ሦስት ወር መስኮቱ ሥር ተጎለትኩ። ወደ ውጭ የዞረው የጣቃው ጠርዝ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል፣ ነጣ። አባዬ እያየ እንዳላየ ሆነ።

ወደ ሐኪሟ ስንመለስ እሱ ቀድሞ «ከመስኮቱ ሥር ንቅንቅ አላለችም!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«መስኮቱን ከፍታችሁ ነው?»

«ኧረ አቧራ ይገባል! መስታወቱ ግን ጥርት ያለ ነው፣ በየቀኑ ነው የምወለውለው።»

«አይ አባባ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «ለአጥንት የሚሆነውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ኪኒኑ ነው የረዳት። ውጭ ነው መውጣት ያለባት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ሱፍ ያነጣች ፀሐይ ለልጄ አጥንት አልሆንም አለች?»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል ግን የአባዬ ዓይን እንባ ሞልቷል። «ፀሐይዋን ሳማ ኖሬ» አለ፣ «ልጄን የበላኋት እኔ ነኝ።» አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ከባዱን የብረት የስፌት መኪናውን ከእማዬ ጋር ተጋግዘው ከበራፉ ውጭ አወጡት። የሰፈሩ ሰው ጉድ አለ። እጅጌዬን ጠቅልዬ ከአባዬ ጎን ተቀመጥኩ። «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉት «ልጄን እያሰጣሁ ነው» ይላቸዋል። ዝናብ ካልሆነ በቀር አንድም ጠዋት አልቀረ። በዓመቱ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ።

ከቤት ስወጣ ካፖርቴን ሰፋልኝ። የነጣውን ጠርዝ ቆርጦ መጣል ይችል ነበር፤ እሱ ግን ትከሻዬ ላይ አዋለው። «ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ትከሻን ነው፤ እየታየሽ ሂጂ» አለኝ።

አባዬ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ ሃምሳን ተሻግሬአለሁ፤ ባለፈው ወር አጥንቴ ተለክቶ ደህና ነሽ ተባልኩ። ከሐኪም ቤት ስመለስ ካፖርቱን አውልቄ ትከሻውን ልዳስስ ብል፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለብሼው ስወጣ የቀረውንም ፀሐይ በልታዋለች፤ ሁሉም አንድ ቀለም ሆኗል። የአባዬ ጠርዝ የቱ ጋ እንደሚጀምር ፈልጌ አጣሁት። እዚያው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።